የከሰል መብራት ሂሳቡ በባቡር ይመጣል፣ የኒውክሌሩ በባንክ

አትላንታ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ምሬት ሳይሰማ አይቀርም። የመብራት ሂሳብ ጨመረ። ደግሞ ጨመረ። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ «ያ የኒውክሌር ማመንጫ ነው ኪሳችንን ያራገፈው» ይላል። ሌላው «ኒውክሌርማ ነዳጁ ርካሽ ነው፣ ውዱስ ከሰሉ ነው» ብሎ ይከራከረዋል።

አገር ቤትም ወሬው ገብቷል። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሳምንታት ሳይቆይ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሮሳቶም ከተባለው የሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ ጋር የኒውክሌር ማመንጫን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ፈረመች። ከዚያ ወዲህ «ኒውክሌር ይበጃል ወይስ ሌላ?» የሚለው ክርክር ቀልጧል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ ፍንዳታና ጨረር ላይ ያልቃል። ገንዘቡን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው።

እኛ ገንዘቡን እንይ። ለዚህ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ትመቻለች። ጆርጂያ ፓወር የተባለው ኩባንያ ከአጋሮቹ ጋር ሁለቱንም ዓይነት ማመንጫ ይዟል። ቮግትል የሚባለው የኒውክሌር ማመንጫ በሳቫና ወንዝ ዳር ይገኛል። ሸረር የሚባለው ትልቅ የከሰል ማመንጫ ደግሞ ከሜከን ከተማ በስተሰሜን ነው። ያው ግዛት፣ ያው ደንበኛ፣ ሂሳባቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

በአብዛኛው አይለያዩም። ሁለቱም ውሃ ያፈላሉ። እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ መብራት ይወጣል። የሚለያዩት ከስር በሚነደው ነገር ነው።

ሸረር የሚያነደው ከሰል ከዋዮሚንግ ግዛት ይመጣል። ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ተጉዞ ማለት ነው። አንድ ባቡር ከመቶ በላይ ፉርጎ ይጎትታል። እያንዳንዱ ፉርጎ መቶ ቶን ገደማ ከሰል ይይዛል። ማመንጫው ሲደርስ ከሰሉ እንደ ዱቄት ይፈጭና ወደ ምድጃው ይነፋል።

ስንት ይበላል? አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት ከዚህ ዓይነቱ ከሰል ግማሽ ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ምጣድ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰው ኃይል ነው። 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሙሉ ቀን በሙሉ ጉልበቱ ከሰራ 12,000 ቶን ይፈልጋል። በቀን አንድ ባቡር ማለት ነው። ነገም አንድ ባቡር። ከነገ ወዲያም። የዋዮሚንግ ከሰል ከመሬት ሲወጣ በጣም ርካሽ ነው፤ ጆርጂያ እስኪደርስ የማጓጓዣው ክፍያ ከራሱ ከከሰሉ ዋጋ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቮግትል እንሂድ። ነዳጁ ከዩራኒየም የተሰራ ጥቁር እንክብል ነው። ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ጣት መሃል ይያዛል። አንዱ እንክብል የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ቶን ከሰል ጋር ይቀራረባል። እንክብሎቹ አራት ሜትር ገደማ በሚረዝሙ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ውስጥ ይደረደራሉ። 264 ቱቦ አንድ ላይ ሲታሰር አንድ ጥቅል ይሆናል። ጥቅሎቹ የሚገቡበት፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ምድጃ ሪአክተር ይባላል። በቮግትል ካሉት አዲሶቹ ሪአክተሮች አንዱ 157 ጥቅሎች ይይዛል። ከተጫነ በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ነዳጅ የሚባል ነገር አይታሰብም። ከዚያ ተዘግቶ የተወሰነው ጥቅል ይቀየርና ተመልሶ ይነሳል።

1,000 ሜጋ ዋት የሆነ የኒውክሌር ማመንጫ በዓመት የሚፈልገው አዲስ ነዳጅ 27 ቶን ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ከባድ መኪና ይበቃዋል። ከሰሉ ግን በሚሊዮን በሚቆጠር ቶን ነው የሚለካው።

በገንዘብ ሲተመን፣ አሜሪካ ውስጥ የኒውክሌር ነዳጅ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከአንድ ሴንት በታች ነው። የከሰሉ ከሁለት ሴንት በላይ ነው፤ ገበያው ሲሞቅ ደግሞ ይወጣል። ሌላም ልዩነት አለ። የዩራኒየም ዋጋ እጥፍ ቢሆን መብራቱ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። የከሰል ዋጋ እጥፍ ከሆነ ግን ማመንጫው ይንጫጫል።

ታዲያ ኒውክሌር ለምን ይወደዳል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። መከራየት ይችላል። መነሻው ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ ይከፍላል፣ አከራዩም ደስ ባለው ጊዜ ይጨምርበታል። ወይም ተበድሮ ይሰራል። አንዴ ከገባ በኋላ በየወሩ የሚያወጣው ይቀላል። ጣጣው ከመግባቱ በፊት ነው። ቤቱ ሳያልቅ ብድሩ ወለድ መቁጠር ይጀምራል፣ ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ግንበኛው ጠፍቶ ይከርማል። ከሰል ተከራዩ ነው። ኒውክሌር ቤት ሰሪው።

የሂሳብ ሰዎች ይህን በሁለት ቃል ይገልጹታል። «ቋሚ ወጪ» መብራት አመነጨህም አላመነጨህም የምትከፍለው ነው፦ የግንባታ ብድር፣ ደመወዝ፣ ጥበቃ። «ተለዋዋጭ ወጪ» ባመነጨህ ቁጥር የሚጨምረው ነው፤ ዋናው ነዳጅ ነው። የኒውክሌር ወጪ አብዛኛው ቋሚ ነው። ከሰል ላይ ተለዋዋጩ ትልቅ ድርሻ አለው።

የቮግትልን ታሪክ እንይ። በቦታው ሁለት የቆዩ ሪአክተሮች አሉ። ከ1987 እና ከ1989 ጀምሮ ይሰራሉ። ሌሎች ሁለት ሲታቀዱ ወጪው በድምሩ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ የሚያልቁትም በ2016 እና በ2017 ነው ተባለ። ሦስተኛው ሪአክተር የንግድ ስራ የጀመረው በሐምሌ 2023 ነው። አራተኛው በሚያዝያ 2024። ወጪው ከ30 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ሰባት ዓመት ዘገየ፣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ምን ሆነው ነው? በአንድ ነገር አይደለም። ንድፉ ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ተሰርቶ አያውቅም፤ ስራው ሲጀመር ዝርዝሩ ገና አላለቀም ነበር። አገሪቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት አዲስ ሪአክተር ስላልጀመረች የሚያውቀው ባለሙያ ጡረታ ወጥቷል። ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ትልልቅ ክፍሎቹ ሉዊዚያና ባለ ፋብሪካ ተበየዱ። ዘግይተው መጡ፤ ከመጡትም ተመልሰው የተጠገኑ ነበሩ። የንድፉ ባለቤት ዌስቲንግሃውስ በመጋቢት 2017 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከዚያ ኮሮና መጣ።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የቀድሞዎቹ ሁለት ሪአክተሮችም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በታች ይፈጃሉ ተብሎ ተጀምረው 9 ቢሊዮን ገደማ ነው ያረፉት። በ1954 የአሜሪካ የአቶሚክ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሉዊስ ስትራውስ የልጆቻችን መብራት በቆጣሪ ለመለካት እስከማያስፈልግ ድረስ ርካሽ ይሆናል ብለው ነበር። የጆርጂያ ሕዝብ ቆጣሪ ግን ዛሬም ይዞራል።

ወለድ ይህን ያህል ይጎዳል?

የዚህ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች ለማሳያ የሰራኋቸው ናቸው። የየትኛውም ማመንጫ መዝገብ አይደሉም። ካልኩሌተር ያለው ሰው ሊያረጋግጣቸው ይችላል።

ማመንጫው 10 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል እንበል። በየዓመቱ 2 ቢሊዮን እየተበደርን በ5 ዓመት ጨረስነው። ወለዱ 7 በመቶ ነው። መብራት በሚሰጥበት ቀን ዕዳው 11.5 ቢሊዮን ደርሷል። ያንኑ ማመንጫ በየዓመቱ 1 ቢሊዮን እየተበደርን 10 ዓመት ብንጎተትበትስ? ዕዳው 13.8 ቢሊዮን ይሆናል። ልዩነቱ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። አንድ ብሎኬት አልተጨመረም፣ ለአንድ ሰራተኛ ደመወዝ አልተጨመረም። የከፈልነው ለጊዜው ነው።

አሁን ደግሞ ግንባታው አለቀ እንበል። 10 ቢሊዮኑን በ40 ዓመት እንከፍላለን። ወለዱ 3 በመቶ ከሆነ ዓመታዊ ክፍያው 433 ሚሊዮን ዶላር ነው። 10 በመቶ ከሆነ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ማመንጫው 1,000 ሜጋ ዋት ነው፣ ከዓመቱም 90 በመቶውን ይሰራል ብንል 7.9 ቢሊዮን ገደማ ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫል። እናካፍለው። በ3 በመቶ ወለድ፣ ለብድሩ ብቻ በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 5.5 ሴንት ይደርሳል። በ10 በመቶ 13 ሴንት።

ያው ኮንክሪት። ያው ዩራኒየም። ያው ሰራተኛ። የተቀየረው የባንኩ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ለከሰል ማመንጫው 4 ቢሊዮን ዶላር እንስጠውና ያንኑ እንድገም። ከ2.2 ሴንት ወደ 5.2 ሴንት ይወጣል። ይጎዳል፣ ግን ጉዳቱ 3 ሴንት ነው። የኒውክሌሩ 7.5 ሴንት ነበር። «ኒውክሌር ርካሽ ነው» የሚሉት ጥናቶችና «አይቀመስም» የሚሉት ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚለያዩት ስለ ሪአክተሩ ስለማይስማሙ አይደለም። አንዱ በ3 በመቶ፣ ሌላው በ10 በመቶ ስላሰላ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የወለዱን መጠን ፈልጉ። ካልተጻፈ ቀሪውን ባታነቡትም ብዙ አይቀርባችሁም።

ጆርጂያ ይህን እንዴት ተወጣችው? በከፊል መንግሥት ገባበት። የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 12 ቢሊዮን ዶላር ለሚደርስ ብድር ዋስ ስለሆነ ወለዱ ቀነሰ። በከፊል ደግሞ ደንበኛው ገባበት። ግዛቲቱ በ2009 ባወጣችው ሕግ መሠረት የጆርጂያ ፓወር ደንበኞች ከ2011 ጀምሮ የግንባታውን የፋይናንስ ወጪ በየወሩ ሂሳባቸው ላይ ከፍለዋል። አንድም ኪሎ ዋት ሰዓት ሳይመነጭ ማለት ነው። የሕጉ ደጋፊዎች ወለዱ ሳይከመር ቀድሞ መክፈል በጠቅላላው ያተርፋል ይላሉ። እውነት አለው። ግን በ2012 አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ተከራይቶ ሲከፍል ኖሮ በ2020 ወደ ቴክሳስ የሄደ ሰው ከፍሎ ሳይጠቀም ቀርቷል። በታህሳስ 2023 ደግሞ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተጨማሪ 7.56 ቢሊዮን ዶላር ወደ ደንበኞች ሂሳብ እንዲዞር ፈቀደ።

ከዚህ የከፋም አለ። ጎረቤቷ ሳውዝ ካሮላይና ያንኑ ዓይነት ሁለት ሪአክተሮች ጀምራ ነበር። 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣ በኋላ በሐምሌ 2017 ስራው ቆመ። ደንበኞች ለማይሰራ ኮንክሪት ይከፍላሉ።

እንግዲህ ከሰል ይሻላል ማለት ነው?

ቢሆንማ አሜሪካ ውስጥ አዲስ የከሰል ማመንጫ ሲሰራ እናይ ነበር። የሚሰራ የለም ማለት ይቻላል። ያሉትም እየተዘጉ ነው። ከሸረር አራት ክፍሎች አንዱ በ2022 መግቢያ ላይ ተዘግቷል።

የዘጋቸው ኒውክሌር አይደለም። ጋዝ ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከድንጋይ ውስጥ ጋዝ የማውጣት ዘዴ ስለተስፋፋ የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ወረደ። የጋዝ ማመንጫ በፍጥነት ይሰራል፣ ሰራተኛም ብዙ አይፈልግም። ቀጥሎ ፀሐይና ንፋስ መጡ። ከሰል ማመንጫዎቹ ሙሉ ቀን መስራታቸው ቀርቶ ሌላው ሲያንስ ብቻ የሚጠሩ ሆኑ።

እዚህ ላይ ያ ቋሚ ወጪ ተመልሶ ይመጣል። የአሜሪካ የኒውክሌር ማመንጫዎች በዓመት ሊያመነጩ ከሚችሉት 90 በመቶ በላይ ያመነጫሉ። የከሰሎቹ አማካይ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጥበቃው፣ መካኒኩ፣ የጥገናው ውል ግን ግማሽ ቀን ስለተሰራ ግማሽ አይከፈልም። ወጪው ያው፣ የሚካፈለው ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ። ስለዚህ አሮጌና ዕዳውን የጨረሰ የከሰል ማመንጫ እንኳ ይከስራል።

ደግሞ ሂሳቡ ላይ የማይታይ ነገር አለ። ከሰል ሲነድ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ጭሱ ውስጥ ድኝ፣ ሜርኩሪና ደቃቅ ብናኝ አለ። በሳንባ ሕመም ሐኪም ቤት የተኛው ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ የመብራት ሂሳቡ ላይ አይጻፍለትም። አመዱም አለ። በታህሳስ 2008 ቴነሲ ግዛት ኪንግስተን በተባለ ቦታ የአመድ ማጠራቀሚያ ግድብ ሌሊት ተደረመሰ። 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን አመድና ውሃ መሬቱንና ወንዙን ሞላው፣ ቤቶችንም ገፋ። ማጽዳቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል።

አውሮፓ ይህን ወጪ ሂሳቡ ላይ ለመጻፍ ሞክራለች። ከ2005 ጀምሮ ማመንጫዎች ለሚለቁት ካርቦን ፈቃድ እንዲኖራቸው ታዛለች፤ ፈቃዱም በገበያ ይሸጣል። የአንድ ቶን ዋጋ በየካቲት 2023 ከ100 ዩሮ አልፎ ነበር። በ70 ዩሮ እንኳ ብናሰላው፣ ከሰል በኪሎ ዋት ሰዓት 7 ዩሮ ሳንቲም ተጨመረበት ማለት ነው። የነዳጁን ያህል፣ ምናልባትም በላይ። ጆርጂያ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። ስለዚህ የጀርመን የከሰል ማመንጫና የጆርጂያ የከሰል ማመንጫ ያንኑ ከሰል ቢያነዱም ዋጋቸው አንድ አይደለም። አንዱ ለጭሱ ይከፍላል፣ ሌላው አይከፍልም።

የኒውክሌሩ ቆሻሻስ?

ብዙ ይባላል፣ ግን በገንዘብ ረገድ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1982 በወጣ ሕግ ማመንጫዎቹ በኪሎ ዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ሴንት ለቆሻሻው ማስወገጃ ይከፍሉ ነበር። መንግሥት ኔቫዳ ውስጥ ዩካ በተባለ ተራራ ስር ሊቀብረው አስቦ ፖለቲካው አከሸፈው። በ2014 ክፍያው ቆመ። ያገለገለው ነዳጅ ዛሬም በየማመንጫው ግቢ ከብረትና ከኮንክሪት በተሰሩ ትልልቅ በርሜሎች ታሽጎ ተቀምጧል። መንግሥት ቃሉን ስላልጠበቀ ለኩባንያዎቹ ካሣ ይከፍላል።

ማመንጫውን አፍርሶ ቦታውን ማጽዳትም ቀድሞ የሚጠራቀም ገንዘብ አለው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከግንባታው ወለድ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከባዱ ጥያቄ አደጋ ነው። ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ ላይ በ2011 የደረሰው ዓይነት ነገር ከመጣ የትኛውም ኢንሹራንስ አይችለውም። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው መንግሥት፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ነው። ደጋፊዎቹ ይህን በትንሹ ያወሩታል።

ሌሎች አገሮች እንዴት ቀናቸው?

ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ ወገኖች የምታበሩት መብራት ሩቡ ገደማ ከኒውክሌር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ባራካ በተባለ የባሕር ዳርቻ አራት ሪአክተሮች አሠርታለች። ሥራውን በ2009 የወሰዱት ኮሪያውያን ናቸው። የመጀመሪያው በ2020 ከመስመር ጋር ተገናኘ፣ አራተኛው በመስከረም 2024 ሥራ ጀመረ። እነሱም ዘግይተዋል፤ የቮግትልን ያህል ግን አልተሰቃዩም። ኮሪያውያኑ ሪአክተር መስራት አቁመው አያውቁም ነበር። አንድ ዓይነት ንድፍ አራት ጊዜ ደጋገሙት። ብየዳውን በመጀመሪያው ላይ የተማረው ሰራተኛ ሁለተኛው ላይ እጁ ቀሎታል። ቮግትል ራሱ አራተኛው ሪአክተር ከሦስተኛው ረክሶ ነው የተሰራው። ከዚያ ሰራተኛው ተበተነ።

ቻይናም ተመሳሳይ መንገድ ነው የያዘችው። ደጋግማ ትሰራለች፣ ብድሩም ከመንግሥት ባንክ በዝቅተኛ ወለድ ይመጣል። ዋናዎቹ ሁለት ሸክሞች ቀለሉላት።

ኤምሬቶች ከሰልም ሞክራ ነበር። ዱባይ ሐስያን በተባለ ቦታ 2,400 ሜጋ ዋት የከሰል ማመንጫ ጀመረች። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና በ2022 ወደ ጋዝ እንዲዞር አደረገች። እስራኤልም ብትሆን ሐደራና አሽቀሎን ያሉትን የከሰል ማመንጫዎቿን ወደ ጋዝ እያዞረች ነው።

«ትንንሽ ሪአክተር» የሚባለውስ? ሐሳቡ ጥሩ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ተሰርቶ ይመጣል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ወለዱ አይከመርም። አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ የተነሳው ኑስኬል የተባለው ኩባንያ ፕሮጀክት ግን ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት ከ5.8 ሴንት ወደ 8.9 ሴንት ሲወጣበት በኅዳር 2023 ተሰረዘ። ሌሎች እየሞከሩ ነው።

ዕዳው ያለቀበት ሪአክተርስ?

እሱ ሌላ ፍጡር ነው። ብድሩ ተከፍሎ ካለቀ የቀረው ነዳጅ፣ ደመወዝና ጥገና ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ በአማካይ በኪሎ ዋት ሰዓት 3 ሴንት ገደማ ነው። የድሮዎቹ የቮግትል ሪአክተሮች እስከ 2040ዎቹ መጨረሻ ለመስራት ፈቃድ አላቸው።

እንዲህም ሆኖ ጋዝ በጣም ሲረክስ 3 ሴንቱም ውድ ሆኖ የተዘጉ አሉ። ዊስኮንሲን ያለው ኪዋኒ በ2013 የተዘጋው ተበላሽቶ አይደለም፣ ገበያ አጥቶ ነው። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። የሰው ሰራሽ አስተውሎት ኮምፒውተሮች ቀን ከሌሊት መብራት ይፈልጋሉ። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2024 በፔንሲልቬንያ በ2019 የተዘጋን ሪአክተር መብራት ለ20 ዓመት ለመግዛት ተዋዋለ። ተመልሶ ሊነሳ ነው። ጆርጂያ ውስጥም በዚያው ምክንያት ይዘጋሉ የተባሉ የከሰል ማመንጫዎች ዕድሜ ተራዝሟል፤ ሸረርም አለበት።

ለኢትዮጵያ ምን ማለት ነው?

ኢትዮጵያ የድንጋይ ከሰል አላት። ያዩ እና ዲልቢ ስማቸው የታወቀ ነው። ከሰሉ በዋናነት የሚሄደው ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ነው። ለመብራት የሚነድ ትልቅ ማመንጫ የለም። ልስራ ብትልም አበዳሪ አታገኝም ማለት ይቻላል። የዓለም ባንክ ከከሰል ከወጣ ቆይቷል። ቻይናም በመስከረም 2021 ውጭ አገር አዲስ የከሰል ማመንጫ አልሰራም ብላለች። ለኒውክሌር ግን በሩ እየተከፈተ ነው፤ የዓለም ባንክ በሰኔ 2025 የቆየ ክልከላውን አንስቷል።

በወጪ ባሕርይ የሕዳሴ ግድብ ከከሰል ይልቅ ለኒውክሌር ይቀርባል። አብዛኛው ገንዘብ ቀድሞ ወጣ። ውሃው በነፃ ይወርዳል። ልዩነቱ በአገር ውስጥ ባንክ ብድርና አገሬው በገዛው ቦንድ፣ በአብዛኛው በብር መሰራቱ ነው። የኒውክሌር ማመንጫ ዕዳ ግን በውጭ ምንዛሪ ነው የሚሆነው። መብራቱ ደግሞ በብር ይሸጣል። ብር ከዶላር አንጻር በወረደ ቁጥር ዕዳው በራሱ ያብጣል። ይህን ስጋት የትኛውም የሪአክተር ንድፍ አይፈታውም።

የጎረቤትን ውል ማየት ይጠቅማል። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ ከሮሳቶም ጋር አራት ሪአክተሮች እያስገነባች ነው፤ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት ናቸው። ሩሲያ 25 ቢሊዮን ዶላር አበድራለች፣ ወለዱም 3 በመቶ ነው። ከላይ ያየነውን ስሌት አስታውሱ፤ 3 በመቶ ቀልድ አይደለም። ባንግላዴሽም ሩፑር ላይ ለሁለት ሪአክተሮች 90 በመቶውን ከሩሲያ ተበድራለች።

መጠኑም መታየት አለበት። ባለሙያዎች እንደ መነሻ የሚይዙት አንድ ማሽን ከአገሪቱ የመብራት መረብ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። አንድ 1,200 ሜጋ ዋት ሪአክተር በድንገት ቢጠፋ ቀሪው መረብ ካልቻለው አገሩ ሁሉ ይጨልማል። ስለዚህ ከሪአክተሩ ዋጋ ጎን የማስተላለፊያ መስመርና የመጠባበቂያ ማመንጫ ወጪ መጻፍ አለበት። ብዙ ጊዜ ተለይቶ ሌላ በጀት ውስጥ ይገባና አይታይም።

የኢትዮጵያ ውል ዝርዝር ወደ ሕዝብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነበቡት ገጾች አራት ናቸው። ወለዱ ስንት ነው? ክፍያው የሚጀምረው መብራት ከመጣ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ግንባታው ቢዘገይ ልዩነቱን የሚሸከመው ገንቢው ነው ወይስ እኛ? ያገለገለውን ነዳጅ መልሶ የሚወስደው ማነው፣ በስንት? ስለ ሜጋ ዋቱ የሚያወራውን ገጽ ማንም ያነብላችኋል።